ንጹህ ወርቅ

«ቃል አልተነፈሰችም። ሐብሏን አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች» አለች እናት።

«እንግዲያውስ ወዳ ነው» አሉ አክስት።

ሙሽሪት ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ የስፖርት ጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። የማዕድ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ማንቆርቆሪያው ይንፈቀፈቃል፣ ሁለቱ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። በዚያ ቤት ድምፅ ዝቅ የሚለው ስለ አንድ ሰው ሲወራ ብቻ ነው፤ ስለ ታላቅ እህቷ፣ ስለ እታለም። እታለም ልጅ አልወለድሽም ተብላ ከባሏ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ትልልቆቹ በስም አይጠሯትም፤ «እሷ» ናት። «እሷ በላች?» «እሷ ተኛች?» ይባላል። ታናሺቱን ግን ከታጨች ጀምሮ እናቷም፣ ጎረቤቱም፣ የምትሠራበት ሱቅ ደንበኞች ሳይቀሩ «ሙሽሪት» ይሏታል፤ እስከዚያ ጠዋት ድረስም ደስ ይላት ነበር።

«ቀልጦ ከአዲሱ ጋር ሲቀላቀል ማን ይለየዋል?» ቀጠሉ አክስት። የሰፈራቸው ሰው እሳቸው በሌሉበት «ፕሮቶኮል» ይላቸዋል፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥ፣ ማን ማንን ቀድሞ እንደሚጨብጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። «ለሙሽራ አንገት ደህና ነገር ይወጣዋል። እሷ እንደሆነች እቤት ተቀምጣ ለማን ልታጌጥበት ነው? ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የሰርጉን ሳምንት እዚህ ባትሆን ይሻላል።»

«የት ትሁን?»

«ጓደኛ የላትም? ትዳሯ የፈረሰባት ሴት ሙሽራ ስታለብስ፣ ጠላት አይስማ! የልጁ ወገኖች ምን ይሉናል? ፎቶውስ? ፎቶ እኮ ለዘላለም ነው። አንድ ሳምንት ነው፣ ሰማይ አይደፋ።»

እናት ማንኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ አዞረች። «እሺ» አለች እናት በመጨረሻ። «እኔው እነግራታለሁ።»

ሙሽሪት በሩን ገፍታ መግባት ነበረባት። ይህን ቀኑን ሙሉ ለራሷ ስትነግረው ዋለች። እጇ ግን ክሩን አጥብቆ አሰረ፣ በእግር ጣቷ እየረገጠች የውጭውን በር እንደ ሌባ ቀስ አድርጋ ከፍታ ወጣች። ሰበቡ ቅርብ ነበር፤ የጂሙ ሰዓት ደርሷል። ደረጃውን ስትወርድ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ሲነጋጋ ከአልጋዋ ስትነሳ እታለም መስኮቱ ሥር ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ የሙሽራ ቀሚሱን ጠርዝ ትዘመዝም ነበር። እንዴት አደርሽ ተባብለዋል። አንገቷ ባዶ ነበር። ከማግባቷ በፊት ስፌት ቤት ተቀጥራ በለፋችበት ደሞዝ የገዛችው፣ ባሏ ሲያስወጣትም ከስፌት መኪናዋ ጋር ብቻ ይዛው የወጣችው ሐብል አልነበረም። ሙሽሪት አይታ አላየችውም። ንዴቱ እዚያው ደረጃው ላይ ጀመራት፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ገና አልለየላትም።

ጂሙ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ዙሪያው መስታወት፣ ወለሉ ጎማ፣ አየሩ የላብና የሽቶ ድብልቅ። በዚያ ሰዓት የሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ የወለደችው ሆዷን ልታጠፋ፣ ያልወለደችው ቀሚስ ሊገባላት፣ ሌላዋ ደግሞ ከቤት የምትወጣበት ሌላ ሰበብ ስላጣች። ሙሽሪት መሮጫው ላይ ወጥታ ቁልፉን ተጫነችው። ከታጨች ወዲህ በስልኳ ገጽ ላይ በየቀኑ እንደሷ ላሉ ሙሽሮች ትጽፋለች፤ ወገብ በምን እንደሚቀጥን፣ የትኛው የክሬም ናሙና ፊት እንደሚያሳክክ፣ ከሰርግ በፊት እንቅልፍ ምን ያህል እንደሚበጅ። የሚከተሏት ብዙ ናቸው። ትናንት ማታ የጻፈችው ስለ ወርቅ ነበር። ሕፃናት ጉድጓድ ገብተው የቆፈሩት ወርቅ ጣቴ ላይ አይወጣም፤ እኔ የምፈልገው ንጹህ ወርቅ ነው፤ እህቶቼ፣ ስንገዛ እንጠይቅ፣ ይህ ወርቅ ማንን አስለቅሶ መጣ እንበል ብላ ጻፈች። ልቡ፣ ጭብጨባው፣ «አንቺ እኮ ልዩ ነሽ» የሚለው አስተያየት ሲዘንብላት ፈገግ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ለካ ያን ጊዜ ነው፣ እሷ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ፊደል ስትለቅም፣ ከግድግዳው ወዲያ ሳሎን ውስጥ እናቷ መዳፏን የዘረጋችው።

«ጎሽ ሙሽሪት! እንዲህ ነው የሚሮጠው!» አለ አሰልጣኙ ከኋላዋ። «ንዴት ነው ፍቅር?»

«ፍጥነቱን ጨምርልኝ» አለችው።

ጨመረላት። ላቧን እየጠረገች ወረደች። አሰልጣኙ ሜትሩን አምጥቶ ወገቧን ከለካ በኋላ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «አለቀ! ትንሽ ብንቀጥል ተፈልጋ አትገኝም!» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። ትናንት ቢሆን እሷም ትስቅ ነበር። አሁን ግን እቤታቸው ያለችውን፣ ከዚህ ሁሉ ሩጫ በላይ ያቀጠኗትን፣ ፎቶ ላይ ተፈልጋ እንዳትገኝ የተፈረደባትን ሴት አሰበችና ሜትሩን ከወገቧ ላይ መንጭቃ ጣለችው። አሰልጣኙ የሙሽራ ጭንቀት ነው ብሎ ዝም አላት። ከዚያ በኋላም ቀኑን ሙሉ ያገኛት ሰው ሁሉ የሙሽራ ጭንቀት ነው አለ።

የምትሠራበት የመዋቢያ ሱቅ ሁለት ሕንጻ አልፎ ነው። መደርደሪያው ከወለል እስከ ኮርኒስ ብልቃጥ ነው፤ የቀን ክሬም፣ የማታ ክሬም፣ የዓይን ሥር ክሬም፣ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ የወር ደሞዟን ብትሰጥ የማታገኘው የአንገት ክሬም። የሙሽሪት ሥራ ናሙና ማስሞከር ነው። በጣቷ ጫፍ ትንሽ ነካ አድርጋ የደንበኛዋ እጅ ጀርባ ላይ ትቀባለች፣ «አየሽው እንዴት እንደሚጠጣ?» ትላለች፣ ደንበኛዋም የራሷን እጅ አዲስ እንዳገኘችው ዕቃ ታገላብጠዋለች። ያን ቀን እጇ ከበዳት። አንዲት ወይዘሮ «የኔ ልጅ፣ ቆዳዬን ላጥሽው እኮ!» ስትላት ነው በኃይል እያሸች እንደነበር ያወቀችው።

ባለሱቋ ደግ ሴት ናት። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ወደ መጋዘኑ ጠራቻትና ባዶ ካርቶን አቀረበችላት። «እንግዲህ ይሄ ከኔ ነው» አለች፣ ትንንሾቹን ብልቃጦች እየዘገነች። «ለቤቱ ሴቶች አንዳንድ ስብስብ እንሠራላቸዋለን፤ በሰርጉ ቀን ፊታቸው ያብራ። ስንት ሴት ናችሁ እቤት?»

«ሦስት» አለች ሙሽሪት ሳታስብ። «እኔ፣ እማዬ፣ አክስቴ።»

ባለሱቋ መደርደር ጀመረች። ሙሽሪት ደግሞ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ማንም አላስገደዳትም። ፕሮቶኮል እዚያ የሉም፣ እናቷ የለችም፣ የእጮኛዋ ወገኖች የሉም። በገዛ ምላሷ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ክፍል የምታጋራትን፣ ቀሚሷን የምትሰፋላትን እህቷን ከሴት ቁጥር አወጣቻት። አክስቷ እንኳ ለሰርጉ መጥተው የሰነበቱ እንግዳ ናቸው፤ ቆጠረቻቸው። እህቷን ግን አልቆጠረቻትም። ከጠዋት ጀምሮ ባለቤት ያጣው ንዴት ያን ጊዜ ባለቤቱን አገኘ።

«አራት!» ብላ ጮኸች። ውጭ ያሉት ደንበኞች ዞረው አዩ። «አራት ነን። ታላቅ እህት አለችኝ።»

«እህት እንዳለሽም አላውቅም ነበር» አለች ባለሱቋ፣ ያለ ክፋት። ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

ከሰዓት በኋላ ወርቅ ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። እጮኛዋ በር ላይ ሲጠብቃት ሸሚዙ ላይ የመንገድ ሥራ አቧራ ነበረበት፤ መሐንዲስ ነው፣ ከሥራ ቦታው በቀጥታ መምጣቱ ነው። ጉንጯን ሳመና «ምነው ፊትሽ?» አላት። «ምንም» አለችው። ወርቅ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ፣ ሚዛን፣ ከሁሉም ላይ ዓይን የሚያጭበረብር አምፖል። ግድግዳው ላይ ወርቁ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል፤ ይህን ቤት የመረጠችውም በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው፤ እጮኛዋን ከተማውን አዙራ አዙራ ነው ያመጣችው። አክስቷ ከሁለቱም ቀድመው ደርሰው ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ መሀረባቸው ተፈትቶ ተዘርግቷል፤ መሀረቡ ላይ የእታለም ሐብል አለ።

ወርቅ ሠሪው በዕድሜ የገፉ፣ አነጋገራቸው የለሰለሰ ሰው ናቸው። «ወይዘሮዋ ያመጡት ደህና ወርቅ ነው» አሉ ለእጮኛሞቹ። «እንደ እውነቱ ከሆነ ከሁሉም ንጹሁ ይሄ ነው። ወረቀቱን ተዉት። አሮጌ ወርቅ ሲቀልጥ መሬት አልተቆፈረ፣ ሕፃን ጉድጓድ አልገባ፣ ማንም አልተበደለበት።»

የእጮኛዋ ፊት በራ። «አየሽ? ልክ አንቺ የጻፍሽው ነው እኮ!»

አክስት በኩራት ፈገግ አሉ። ሙሽሪት ሐብሉን አየችው። መቆለፊያው ተቆርጧል። ሽማግሌው ጥራቱን ሊያዩ በመቁረጫ ቆርጠውት፣ ቁራጩ ከጎኑ እንደ ጥፍር ወድቋል።

«የማን ነው ብለው አልጠየቁም?» አለች።

«የቤት ነው» አሉ አክስት ፈጥነው።

«የቤት አይደለም። የእህቴ ነው። ዓይኗ እስኪፈስ ሰፍታ የገዛችው ነው።»

«ወዳ ሰጠች። እናትሽን ጠይቂ።»

«ጠየቃችኋት ወይስ እጅ ዘረጋችሁባት? እምቢ ብትል የት እንድትሄድ ነበር? የሰርጉን ሳምንት የምታድርበትን ቤት እንኳ እናንተው ናችሁ የምትመርጡላት!»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አሉ አክስት ፊታቸው ተለዋውጦ። «ሰው ቤት ነን።»

«ሰው ቤት ስንሆን ቀንሺ፣ ቤታችን ስንሆን በር ዝጊ! ታዲያ መቼ ነው የሚጮኸው እትዬ? ማርጀት አለብኝ? ወይስ እኔም መጀመሪያ ከባሌ ቤት መባረር አለብኝ?»

ይህን ያህል በአክስቷ ላይ ተናግራ አታውቅም። ወርቅ ሠሪው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እሷ ሐብሉንና ቁራጩን በአንድ እጇ አፍሳ ጨበጠቻቸው። እጮኛዋ ክንዷን ያዝ አድርጎ ለቀቃት።

«እኔ አላወቅሁም» አለ።

«አልጠየቅህማ!»

«አንቺስ ጠይቀሻል?» አላት። በቁጣ አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልጎ ነው። «ይህን ያህል ጊዜ እቤታችሁ ስመጣ እህትሽ ክፍል ውስጥ ናት። አሞኛል ትላለች ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነበር። ያ ደግሞ ከሁሉም በላይ አናደዳት። በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች፤ ታክሲም አልያዘችም፣ ሙሉውን መንገድ በእግሯ ሄደች፤ ሰው እየገፋች፣ ይቅርታ ሳትል።

እቤት ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። እናቷ ሳሎን ውስጥ፣ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየቻትም፤ ለእታለም ነግራታለች ማለት ነው። ሙሽሪት አልፋት ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። ቀሚሱ አልቆ፣ ተተኩሶ፣ ቁምሳጥኑ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ነጭ፣ ረጅም፣ እንከን አይወጣለትም። እታለም ወለሉ ላይ ተንበርክካ ልብሷን በጨርቅ ትቋጥራለች። የስፌት መኪናዋ ከእግሩ ተፈቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሙሽሪት ሐብሉን ከነቁራጩ አጠገቧ አስቀመጠችው። እታለም መቆለፊያውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ማን አምጪ አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽው?»

«ያንቺ ስለሆነ።»

«ትናንትም የኔ ነበር» አለች እታለም። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻል ነበር። «ጠዋት ማዕድ ቤት ሲነጋገሩ እኔም እሰማ ነበር። የመኝታ ቤቱም በር ክፍት ነበር። አንቺ ኮሪደሩ ላይ ነበርሽ። ጀርባሽን እያየሁ፣ አሁን ትገባለች፣ አሁን አንድ ነገር ትላለች አልኩ። ጫማሽን አሰርሽና ወጣሽ።»

«እታለም...»

«ጉድጓድ ውስጥ ስላሉት ሕፃናት የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። አለቀስኩ። በኋላ ግን፣ ይቺ ልጅ የማታያቸው ሰዎች እንዲህ አንጀቷን ከበሉት እኔን ምነው አላየችኝ አልኩ። አንድ ክንድ ነው እኮ በአልጋዎቻችን መካከል ያለው።»

ሙሽሪት ይቅርታ ልትል ነበር የመጣችው። ቃሉ ግን በዚህ ፊት ሲታይ እንደዚያ የክሬም ናሙና ሆነባት፤ ለጣት ጫፍ የምትበቃ። ስለዚህ ተመልሳ ሳሎን ሄደች።

«እማዬ፣ ስሚኝ። እታለም ካላለበሰችኝ፣ ከአጠገቤ ቆማ ፎቶ ካልተነሳች ሰርግ የሚባል ነገር የለም። ለአክስቴም፣ ለልጁ ወገኖችም ንገሪ።»

እናት አሁን ቀና አለች። «ሰው ምን ይላል ልጄ?»

«የፈለገውን ይበል! ሰው ሲያወራ ነው ይህቺ ልጅ እዚህ ክፍል ውስጥ ተዘግታ የቀረችው!»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ። እታለም ጥቅሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «አንደኛችሁ አውጧት ትላላችሁ፣ አንደኛችሁ አቁሟት ትላላችሁ። ወንበር ነኝ እንዴ? እኔ ማልበስም፣ ፎቶ ላይ መቆምም አላልኩም። አብራኝ የምትሰፋ ጓደኛዬ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ለሳምንት አይደለም። ለሁልጊዜው ነው።»

«ምን ጎደለብሽ እዚህ?» አለች እናት፣ የምር ደንግጣ።

እታለም እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ልትመልስላት የነበረው ነገር ዓይኗ ድረስ ሲደርስ ሁለቱም አዩት። ዋጠችው። ቀድማ የተንቀሳቀሰችው ሙሽሪት ናት። ወደ ክፍሉ ተመልሳ የስፌት መኪናውን በሁለት እጇ አቀፈችው። የብረት ድንጋይ ነው። ያ ሁሉ ክብደት ማንሳት፣ ያ ሁሉ ሩጫ፣ ለካ ለመስታወት ነበር፤ ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ መኪናው ደረቷን ወጋት፣ የማሽን ዘይቱ ሸሚዟን አበላሸው። አልለቀቀችውም። እያቃሰተች ደረጃውን ስትወርድ እታለም ከኋላ አንዱን ጫፍ ደገፈችላት።

እጮኛዋ በር ላይ ነበር። ከወርቅ ቤት ሲፈልጋት መጥቶ፣ ለመግባት ፈርቶ፣ መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«መኪናውን ክፈተው» አለችው ሙሽሪት እያለከለከች።

«ለምኑ?»

«ለመኪናው!»

አንዴ የታቀፈችውን፣ አንዴ የራሱን አየና ከእታለም አፍ ሳቅ የምትመስል ነገር ስታመልጥ ፈጥኖ የኋላውን በር ከፈተ። ከዚያ ዞሮ እታለምን ጨበጣት። «አላስተዋወቁንም» አላት። «አዎ» አለች እሷ፣ «አሞኝ ነበር።» ፊቱ ቀላ፤ ጥቅሉን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ፊት ወንበሩ ወሰደ።

ሊነሱ ሲሉ እናት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። የእታለምን ብርድ ልብስ አጥፋ ታቅፋለች። በመስኮቱ አሳልፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላትና፣ «ማታ ማታ ይበርዳል» አለች። ሙሽሪት ይህን ደግነት ነው ብላ ማመን ፈለገች፤ ዕቃዋን አሟልታ መስደዷም ሊሆን ይችላል፤ ከእናቷ ፊት መለየት አልቻለችም። እታለምም የለየች አትመስልም። ብርድ ልብሱን አልመለሰችም፣ አመሰግናለሁም አላለችም። እናት መኪናው ሲንቀሳቀስ ሁለት እርምጃ አብራ ሄዳ ቆመች።

ሁለቱ እህትማማቾች ከኋላ ተቀምጠው የስፌት መኪናውን ጭናቸው ላይ ለሁለት ተሸክመውታል። ሙሽሪት አሁንም እንደተናደደች ናት። በእናቷ፣ በአክስቷ፣ በዚያ በለሰለሰ ሽማግሌ፣ በስልኳ ውስጥ ልብ በሚልኩላት ሰዎች ሁሉ ላይ፤ ከሁሉም በላይ ግን ጫማዋን አስራ በወጣችው ልጅ ላይ። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ቀስ እያሉ ሄዱ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው አፏን የከፈተችው።

«ለሰርጉ ትመጫለሽ?»

እታለም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር። «እንደ ማንኛውም ሰው በሬን አንኳኩተሽ ስትጠሪኝ» አለች፣ «ያን ጊዜ አስብበታለሁ።»

መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲነጥር የታቀፉት ብረት ወደ ሙሽሪት አዘነበለ። እታለም እጇን ዘርግታ የእህቷን ጣቶች ጨርቅ ከሚጫነው መርገጫ ሥር ገለል አደረገቻቸው።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለቻት። «መርፌውን አላወጣሁትም።»